አያቴ ያነበበው ድንጋይ

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ከወደቡ በላይ ካለችው ኮረብታ፣
ባሕሩን ለማየት ከሕያው ይሻላል የሙታኑ ቦታ።
እምነበረዱ በመርከብ የመጣ፣ ከጣሊያን ተጠርቦ፤
መልአኩም በመርከብ፣ ክንፉ እንዳይሰበር በጭድ ተከብቦ።

አያቴ ኤርሚኒዮ ቁልፍ ያዥ፣ ሣር አጫጅ ነበር፤
ማን ከማን ጋር ላይነጋገር እንደማለ ያውቃል፣ ከግንቡ እስከ በር።

ሴናተር ላባርካ በስተግራ ተኝቷል፣ ዓምድ ተተክሎለት፣
«ለሕግ የኖረ» የሚል ቃል በወርቅ ተጽፎለት።
ኮሎኔል ሪኬልሜ በስተቀኝ፣ ከነሐስ ፈረሱ ጋራ፤
«ለአገር የሞተ» ይላል፤
የሞተው በሐሞት ጠጠር ነው፣ አልጋው ላይ፣ ሐኪም ሲጣራ።

ወንድም ወንድሙን ባደነበት ዓመት፣
አንዱ በብዕር ተኩሶ፣
ሌላው በመድፍ መልሶ፣
ኋላ ታረቁ፤ ተሳስመው፣ በአንድ ጠረጴዛ ጠጥተው፣
ጉንጫቸውን በመሐረብ ጠርገው ተለያዩ፣ ወጥተው።
የሴናተሩ ሚስት ግን አልታረቀችም፤ መቃብር ስትገዛ፣
«ባሌ ጀርባውን ይስጠው» አለች፣ «ዋጋውም ቢበዛ።»

ከግንቡ ሥር ደግሞ፣ ጎርፍ በሚወርድበት፣ አይጥ በሚመላለስበት፣
አርባ አንድ ወታደር አንድ ድንጋይ አላቸው፤
ቁጥር ነው ያለበት።
ጠራቢው በፊደል ያስከፍል ነበርና፣
ማዘጋጃ ቤቱ ቁጥር ይበቃል አለ፣ በጀቱ ቀጠነና።
ከአርባ አንዱ አንደኛው ኒካኖር ይባላል፤
ከበሮ መቺ ነው፣
ግራ ክንዱን በልጅነቱ በቅሎ የሰበረችው፣
ጠምሞ የገጠመ፤
በሰልፉ መሐል አንዲት ምት ሁልጊዜ የሚዘገየው።

ነሐሴ ነው። ዝናብ። ሾርባ የሚቀዳበት ሰዓት።
መጀመሪያ ውሾች፣ ቀጥሎ ደወሎች፣ ቀጥሎ ምድር ጮኸች፤
ኮረብታይቱ እንደ እርጥብ ውሻ ገላዋን አራገፈች።
ግንቡ ተናደ። ሣጥን በሣጥን ላይ ተንሸራተተ፤
ሴናተሩ ወርዶ፣ ወርዶ፣ ከዳቦ ጋጋሪው ደጃፍ ተከፈተ፤
የኮሎኔሉ ኒሻን ከቡሆው ገንዳ ሰመጠ፤
የአርባ አንዱ አጥንት፣ ትእዛዝ ሳይጠብቅ፣ ደረጃ ለደረጃ ሮጠ።

ሲነጋ አያቴ ጋሪ ይዞ ወረደ። የሰው ቅልጥም በየቦዩ።
ጸሐፊው መጣ፦ «ሚኒስትሩ ቅዳሜ ይደርሳሉ፤ በየስማቸው ይለዩ!»
«በምን ልለያቸው?»
«በክብራቸው።»

ጎንበስ አለ። የጎን አጥንት አነሣ፤ ፊርማ የለበትም።
ሌላ አነሣ፤ ጎራዴ የታጠቀ፣ አዋጅ ያወጀ አይመስልም።
ራስ ቅል ከራስ ቅል አስተያየ፤ ሁሉም ይስቃሉ፤
በሕይወት ሳሉ ያልሳቁትን ዕዳ አሁን ይከፍላሉ።

እናም አደለ፤ ይህን ለዚያ፣ ያን ለዚህ፣ በግምት፤
ለየሣጥኑ ሁለት ጭን፣ አንድ ራስ፣ ጥቂት የእጅ ጣት።
አንዱን ብቻ ዐወቀው፦ ጠምሞ የገጠመ ግራ ክንድ።
ይዞት ቆመ፤ ጸሐፊው ሰዓቱን ሲያይ፣ ሲንጎራደድ፣
ከሴናተሩ ሣጥን፣ ከሐሩ ሥር፣ ቀስ ብሎ አስገባው።

ለምን? አልተናገረም። ምናልባት ሣጥኑ ሰፍቶ፣ አጥንት ጎድሎበት፤
ምናልባት ያን አዋጅ የፈረመ እጅ
ይህን ክንድ መሸከም ኖሮበት።

ቅዳሜ ሚኒስትሩ መጡ። ማርሽ ተነፋ። ንግግሩ ረዥም።
ባርኔጣቸውን ነፋስ ወሰደው፤ ሰፈሩ የሚያወራው እሱን ብቻ ነው፣ እስከ ዛሬም።

በሦስተኛው ዓመት አንዲት ሴት መጣች፣ ከደቡብ፣ በርካሹ ባቡር፣
ቀይ አበባ በጋዜጣ ጠቅልላ።
«ወንድሜ ኒካኖር የት ነው?» አለች፤ «ከበሮ ይመታ ነበር።»
አያቴ መራት፤ ግንቡን አልፎ፣ ቁጥሩን አልፎ፣
ከዓምዱ ሥር አቆማት። ቀና ብላ አየች፣ ትንፋሿ ተቋርጦ፣ አርፎ።
«ይህ ሁሉ ለእሱ?» አለች። በእጅጌዋ ድንጋዩን ጠረገች፤
ወርቁን በጣቷ፣ ሆሄ በሆሄ፣ በጨለማ እንዳለች ዳሰሰች።
«እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ምን ይላል፣ አባቴ?»

ባርኔጣውን አወለቀ አያቴ፤
ኮሎኔሉም እስኪሰማ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት፦
«ኒካኖር» አለ፤
ቀጥሎም፣ «ከበሮ መቺ። ዕድሜው ዐሥራ ሰባት።»